መልስ፦ ኔፓል የሕንድ ግዛት ናት ወይ?

«ኔፓል የሕንድ ግዛት ናት ወይስ አገር? ሁሉም ቦታስ በረዶ ነው?» ላልከው፣ አገር ናት ወንድሜ፣ ያውም ቅኝ ያልተገዛች። በሰሜን ቻይና፣ በቀሩት ሦስት አቅጣጫዎች ደግሞ ሕንድ ታዋስናታለች። የባሕር በር የላትም። ዋና ከተማዋ ካትማንዱ ነው፣ ሕዝቧ በ2021 ቆጠራ 29 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አብዛኛው ሂንዱ ነው፤ ቡድሃ ተወለደባት የሚባለው ሉምቢኒም እዚያው ነው። ንጉሥ ነበራቸው፣ በ2008 ዘውዱን አውርደው ሪፐብሊክ ሆኑ።

በረዶውን በተመለከተ፣ ስለ አገሪቱ ሲወራ ሁሌ ኤቨረስት (8,849 ሜትር) ስለሚነሳ ነው እንጂ ደቡቡ፣ ቴራይ የሚሉት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ሞቃት ሜዳ ነው፤ ቺትዋን ፓርክ ውስጥ አውራሪስና ነብር አለ። ከዚያ ሜዳ ተነስተህ ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ሂማላያ ላይ ትወጣለህ። ለኔ ከኤቨረስቱ ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የዘመን አቆጣጠራቸው ደግሞ የኛን ያስንቃል። እኛ ከፈረንጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን፣ እነሱ 57 ዓመት ገደማ ወደፊት፤ በኤፕሪል 2024 አዲስ ዓመት ሲያከብሩ 2081 ገቡ። ሰዓታቸውም ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል፣ አዎ፣ 45 ደቂቃዋ እውነት ናት። ዱባይ ወይም ዶሃ ዘመድ ካለህ ጠይቀው፣ ኔፓላዊ የሥራ ባልደረባ አያጣም።