ትምህርት ቤት እየዞርኩ የልጆች ጥርስ ልስራ ወይስ ክሊኒኬ ልቀመጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ የሃይጂኒስት (ጥርስ የሚያጸዳና ከመበላት የሚከላከል ባለሙያ) ላይሰንሴን ካገኘሁ ብዙም አልቆየሁም፣ አሁን አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሰራው። ሰሞኑን ትምህርት ቤት እየዞሩ የተማሪዎችን ጥርስ የሚያዩ ሰዎች ነይ ከኛ ጋር ስሪ አሉኝ። ባለቤቴ "ስንት ለፍተሽ ተምረሽ እቃ ተሸክመሽ ልትዞሪ ነው?" ይላል። እናቴ ደግሞ ወንጂ ነው ያደገችው፣ የልጆች ጥርስ ላይ ጥርስ የሚያጠነክረውን ፍሎራይድ እንደምቀባ ስነግራት በጣም ደነገጠች። እርስዎ ስራውን ያውቁታልና እስቲ ይምከሩኝ። ሃ. ነኝ።

መልስ፦ ሃ. የኔ እህት፣ ለባለቤትሽ ይሄን ንገሪው፣ ሙያው ራሱ ያደገው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አልፍሬድ ፎንስ የሚባል የጥርስ ሐኪም በፈረንጆቹ 1906 ክሊኒኩ ውስጥ የምትሰራ ዘመዱን አይሪን ኒውማንን ጥርስ ማጽዳት አሰለጠናት፣ በ1913 ደግሞ ብሪጅፖርት ኮኔቲከት ውስጥ የመጀመሪያውን የሃይጂኒስቶች ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ከዛ ተመርቀው የወጡት ሴቶች የከተማዋ ተማሪዎች ጋ ነው የተሰማሩት። ስለዚህ ዝቅ ማለት አይደለም።

ሸክሙ ግን እውነት ነው። ተጣጣፊው ወንበር፣ ኮምፕረሰሩ፣ መብራቱ ሁሉ ይከብዳል፣ ጠዋት ትዘረጊዋለሽ ከሰዓት ታጥፊዋለሽ፣ ወገብሽን ካልጠበቅሽ አትዘልቂም። እቃ የምትዘረጊበት ሰዓትና የመኪናሽ ኪሎሜትር ይከፈል እንደሆነ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን ደሞዝ ይኖር እንደሆነ ሳትጠይቂ አትፈርሚ።

ስራው ውስጥ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የ6 ዓመቱ መንጋጋ ነው። ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሞላው ከመጨረሻው የወተት ጥርስ ኋላ አንድ ትልቅ መንጋጋ ብቅ ይላል፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ወላጅ አያየውም፣ ቢያየውም "የወተት ነው፣ ይወድቃል" ብሎ ይተወዋል። አይወድቅም እኮ! እድሜ ልኩን የሚያኝክበት ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የብሩሽ ጸጉር የማይገባበት ጠባብ ስንጥቅ አለው፣ መበላት የሚጀምረውም እዛው ነው። ያንን ስንጥቅ በሲላንት፣ ማለትም ተቀብቶ በሚጠነክር ስስ ሽፋን፣ ስትደፍኚው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት መንጋጋ ላይ ከሚመጣው መቦርቦር 80 ከመቶውን ትከላከያለሽ። ግን ጥርሱ ደረቅ መሆን አለበት፣ የ7 ዓመት ልጅ ደግሞ ምላሱን አንድ ቦታ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ረዳት ይሰጡሽ እንደሆነ ጠይቂ፣ ብቻሽን ከሆነ ሲላንቱ ቶሎ ይነሳል።

እናትሽ አልተሳሳቱም። ወንጂ ባለበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ አለው፣ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ገና እየተሰራ እያለ ያንን ውሃ ለዓመታት የጠጣ ልጅ ነው ጥርሱ የሚበልዘው። አንቺ የምትቀቢው የፍሎራይድ ቅባት፣ ቫርኒሽ፣ ሌላ ነገር ነው፣ ጥርሱ ላይ በስሱ ይቀባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እንደዚህ ረጋ ብለሽ አስረጃቸው፣ ምክንያቱም ነገ ልጁ እንዲታይ የፈቃድ ፎርሙ ላይ የማይፈርም አበሻ ወላጅ ሲያጋጥምሽ የሱም ስጋት አንዳንዴ ይሄው ነው። ሌላው ደግሞ ፎርም ላይ የኢንሹራንስ ቁጥር ሲጠየቅ ይፈራል፣ ወይ ፎርሙ ልጁ ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ ይቀራል። አማርኛ ስለምትችይ ራስሽ ደውለሽ ብታናግሪያቸው ብዙ ልጅ ታተርፊያለሽ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ካንቺ ካውንቲ አጠገብ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ዲያሞንቴ ድራይቨር የሚባል የ12 ዓመት ልጅ በ2007 ከታመመ ጥርሱ የተነሳ ኢንፌክሽን አንጎሉ ገብቶ ሞተ። ጥርሱን መንቀል 80 ዶላር ገደማ ነበር፣ ሁለት ጊዜ የአንጎል ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ወጪው ከ250 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶም አልተረፈም። የሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ) ታካሚ የሚቀበል ሐኪም ማግኘት ለቤተሰቡ ከባድ ነበር። ከሱ ሞት በኋላ ነው ሜሪላንድ ህጉን ያላላችው፣ በህብረተሰብ ጤና ስር የሚሰሩ ሃይጂኒስቶች ሐኪም አጠገባቸው ሳይቆም ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲሰሩ። አንቺን የጠሩሽ ሰዎች በየትኛው ፈቃድ እንደሚሰሩ በጽሁፍ ያሳዩሽ።

እኛ ሃይጂኒስቶች አንነቅልም፣ አንሞላም። አፍ ከፍተሽ ድዱ መግል የያዘ ልጅ ካየሽ በኋላ "ሐኪም ይየው" የሚል ወረቀት ሰጥተሽ ብትሸኚው ምንም አልሰራሽለትም፣ ወረቀቱ ቤት ላይደርስም ይችላል። ስለዚህ ቀጣሪዎችሽን ይሄን ጠይቂያቸው፦ ወላጅ ጋ የሚደውለው ማነው፣ ቀጠሮ የሚይዝለት ማነው፣ ልጁ ሐኪም ጋ መድረሱን ማን ያጣራል? ልጁ የራሱ ሐኪም ካለውስ ቀድማችሁ ትጠይቃላችሁ ወይ? ምክንያቱም እናንተ በሜዲኬይድ ካስከፈላችሁ በኋላ የራሱ ሐኪም ለዛው ስራ ክፍያ ሊከለከል ይችላል።

የሚደውለውን ሰው በስሙ ከነገሩሽ ግቢ፣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። "ወረቀት እንሰጣለን" ብቻ ካሉሽ ግን ክሊኒክሽን አትልቀቂ፣ የካውንቲሽን ጤና ቢሮ ደውለሽ ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን በትምህርት ቤት የሚሰራ ሃይጂኒስት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂ።