ትንሿ ጣት ስትደነዝዝ ከክርን ነው ከአንገት?

ትንሿ ጣቱ የደነዘዘው ታካሚህ ችግሩ አልናር ነርቩ (ከክርን ጀርባ አልፎ ወደ ትንሿ ጣት የሚወርደው) ይሁን አንገት ላይ ያለው ሲ8 (ስምንተኛው የአንገት ነርቭ ሥር) እንዴት ልለይ ላልከው፣ የቀለበት ጣቱን እይ።

ሁለቱንም ጎን መጀመሪያ በጥጥ ከዚያ በአዲስ ስፒል ንካ። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ግማሽ ብቻ ከደነዘዘ አልናርን ጠርጥር። ከዚያ ወደ ላይ ውጣ፤ የአልናር ድንዛዜ የእጅ አንጓ አካባቢ ይቆማል፣ በክንዱ ውስጠኛ ጎን ሽቅብ ከቀጠለ ግን ወደ አንገት አስብ። ከክርኑ ጀርባም ነርቩን ዳስስ፣ ከወፈረ፣ ነርቭ የሚያወፍረው ሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላልና።

አንድ ነገር ግን፣ እዚህ ጅማ ከገጠር የሚመጡ አባቶች "ተሰማዎት?" ስትላቸው ሐኪሙ እንዳይከፋው ብለው "አዎ" ይሉሃል። ዓይናቸውን አስጨፍነህ የተነኩበትን ቦታ በሌላኛው እጃቸው ያሳዩህ፤ አንዳንዴ ሳትነካም ጠይቅ። አፋን ኦሮሞ ካልቻልክ ደግሞ አስተርጓሚው ራሱ እንዳይመልስልህ፣ ይሄ በጣም ያጋጥማል።