ውሃ ነዳጅ ይሆናል ወይ? ስለ ሃይድሮጅን የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሃይድሮጅን የሚያከራክራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ጀርመን አገር በሃይድሮጅን የሚሄዱ አውቶቡሶች በሚያድሩበት ጋራዥ ጥቂት ዓመታት ጥገና ሠርቻለሁ። ፕሮፌሰር አይደለሁም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌአለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሃይድሮጅን ይቃጠላል፣ ኦክስጅን ያቃጥላል። ውሃ የሁለቱ ድምር ከሆነ ራሱ ነዳጅ የማይሆነው ለምንድን ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሃ ተቃጥሎ ያለቀ ሃይድሮጅን ስለሆነ ነዋ። ምድጃ ውስጥ ያለውን አመድ አስበው። ትናንት እንጨት ነበር፤ ሙቀቱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ አሁን ክብሪት ብትጭርበት ምንም አይልህም። ውሃም የሃይድሮጅን አመድ ነው። ልዩነቱ ይህኛውን አመድ መልሰህ ማገዶ ማድረግ መቻልህ ነው፤ ኤሌክትሪክ ታሳልፍበታለህ፣ ይለያያል። ሂሳቡ ግን ይኸውልህ፦ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ሲቃጠል 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ያንኑ 1 ኪሎ ከውሃ ለማውጣት ደህና የሚባል ማሽን ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። እንግዲህ ሃይድሮጅን እንደ ጄሪካን ነው፤ ኃይል ትሞላበታለህ እንጂ ከራሱ አያፈልቅም። ያውም የሚያፈስ ጄሪካን።

ጥያቄ፦ መብራቱን ከራሱ ከሃይድሮጅኑ መልሰን ብናመነጭስ? አንዴ ካስነሳነው በኋላ ራሱን አይችልም? (እዚያው ከጎንደር)

መልስ፦ ይህን ሳልጠብቅ አልቀረሁም። በ55 ኪሎዋት ሰዓት ጀምር። ሃይድሮጅን አድርገህ፣ በፊዩል ሴል (ሃይድሮጅንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋህዶ መብራት በሚያወጣ ዕቃ) መልሰህ መብራት ስታደርገው 17 ገደማ ይመለስልሃል። ያንን 17 መልሰህ ብታዞረው 5 ይሆናል። ሌላ ዙር ጨምርና አንድ ተኩል። ከዚያ በኋላ አምፖል ጠፋ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። ውሃ ወደ ጋዝ እየቀየረ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ፣ ኤችኤችኦ የሚሉት፣ ግማሽ ቤንዚን ይቆጥባል ብለውኛል። የገጠሙ ጓደኞቼም ይምላሉ። ልግጠም? (ከአዳማ)

መልስ፦ አትግጠም። ምክንያቱን ግን በደንብ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የአንተ ነው፤ ደግሞም ጓደኞችህ ሁሉ ውሸታሞች ናቸው ማለቴ አይደለም።

ዕቃው ከባትሪው 20 አምፒር ይስባል እንበል፤ ስድስት ሴል፣ ማለትም ውሃው የሚሰነጠቅባቸው ስድስት ክፍሎች፣ ተከታትለው የተያያዙበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያወጣው ሃይድሮጅን አራት ተኩል ግራም አካባቢ ነው። ይህ በኃይል ሲመዘን ከ17 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጋር እኩል ነው። የቡና ሲኒ አንሳና ሩቡን ሙላ፤ በቃ እሱ ነው። አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። ያ 20 አምፒር ከየት መጣ? ከዲናሞው። ዲናሞውን የሚያዞረው ማን ነው? ሞተሩ። ሞተሩ ከቤንዚኑ ሩቡን ያህል ብቻ ነው ወደ ሥራ የሚለውጠው፤ ዲናሞውም ግማሽ ገደማውን ያባክናል። ተደምሮ ሲታይ ያቺን ሩብ ሲኒ ለማግኘት በየሰዓቱ ከሦስት ሲኒ በላይ ቤንዚን ታቃጥላለህ።

ታዲያ ጓደኞችህ ለምን ይምላሉ? ሁለት ነገር አይቻለሁ። አንደኛው፣ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ካስገጠመ በኋላ ፔዳል አይረግጥም፤ በዝግታ ይነዳል፣ ጎማውን ያስነፋል፣ የቀዳውን ይመዘግባል። ይህን ያለ ዕቃውም ብታደርገው ትቆጥባለህ። ሁለተኛው ያሳስበኛል፦ አንዳንዶቹ ዕቃዎች የኦክስጅን ሴንሰሩን (ጭሱን እያየ ቤንዚኑን የሚያስመጥነውን) የምታታልል ትንሽ ሳጥን አብረው ይገጥማሉ። ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ይሠራል። ለጥቂት ወር ቆጠብኩ ትላለህ፤ ከዚያ ሞተሩ ይግልና ቫልቭ ይቃጠላል። ያን ጊዜ የቆጠብከው ሁሉ ለመካኒክ ይሄዳል።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝቼ፣ ጋዙን በማርማላታ ብርጭቆ አጠራቅሜ፣ «በትክክል ይቃጠላል ወይ» ብዬ እሳት አስጠጋሁ። ይቃጠላል። ክዳኑን ኮርኒሱ ውስጥ ተሰክቶ አገኘነው፤ ጆሮዬ እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አስቀድመው ተደባልቀው አንድ ዕቃ ውስጥ ከተቀመጡ ነዳጅ መባላቸው ቀርቶ ፈንጂ ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በውሃ የሚሄድ መኪና የሠራውን ሰው የነዳጅ ኩባንያዎች ገደሉት የሚባለው እውነት ነው? (ብዙ ሰው ጠይቋል)

መልስ፦ ስታንሊ ሜየርን ነው። የኦሃዮ ሰው ነበር። በ1996 ገንዘብ ያዋጡ ሁለት ሰዎች ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱ ባለሙያዎች ዕቃውን እንዲመረምሩ አደረገ፤ ተራ ኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ውሃን በኤሌክትሪክ መሰንጠቅ፣ ሆኖ ተገኘ። ማጭበርበር ነው ተብሎ 25,000 ዶላራቸውን እንዲመልስ ተፈረደበት። በ1998 ምግብ ቤት ውስጥ ድንገት ወድቆ ሞተ፤ የአስከሬን ምርመራው የአንጎል የደም ስር መፈንዳት ነው አለ። ወሬው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

በአገራችንም በየጥቂት ዓመቱ «በውሃ የሚሠራ ሞተር ፈለሰፈ» የሚባል ወጣት ይታያል። አትሳቁበት፤ ብዙውን ጊዜ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ባትሪውን ማን ሞላው?

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ኡበር እሠራለሁ። ያገለገለ ቶዮታ ሚራይ በጣም ረክሶ አገኘሁ፤ የሃይድሮጅን መኪና ነው። ምን ትላለህ? (ከካሊፎርኒያ)

መልስ፦ መኪናው ግሩም ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ ልንገርህ። በ700 ባር ግፊት (ከተራው የአየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ) 5.6 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ይይዛል፣ በአምስት ደቂቃ ይሞላል፣ 600 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ከማርሚታው ውሃ ነው የሚንጠባጠበው። የረከሰበት ምክንያት ሌላ ነው። እናንተ ጋ የሃይድሮጅን ዋጋ በኪሎ እስከ 36 ዶላር ደርሷል፤ አንዴ ለመሙላት 200 ዶላር ማለት ነው። ሼል በ2024 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበሩትን የቤት መኪና የሃይድሮጅን ማደያዎቹን ጨርሶ ዘጋ። አዲስ ሲገዛ 15,000 ዶላር የነዳጅ ካርድ ይሰጥ ነበር፤ ያገለገለውን ስትገዛ ካርዱ አብሮ መኖሩን በጽሑፍ ካላረጋገጥክ እንዳትነካው። ደግሞ ታንኩ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለው፤ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ከፍተህ ተለጥፎ ታየዋለህ። በኡበር እንጀራ ለሚበላ ሰው፣ ሰፈሩ ያለው ማደያ አንድ ቀን «ተበላሽቷል» ቢለው ያ ቀን ባዶ ነው።

ጥያቄ፦ ለቤትስ? ቡታጋዝ ሲጠፋና ሲወደድ፣ ሃይድሮጅን በሲሊንደር ገዝተን ወይ እቤት አምርተን እንጀራ ብንጋግርበት? (ከአዲስ አበባ፣ እናት ነኝ ብለው የጻፉ)

መልስ፦ እርስዎ መብራት ካለዎት ምጣዱን ግድግዳው ላይ ይሰኩት፤ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የመብራት ምጣድ አንድ ሰዓት ሲሠራ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ይበላል እንበል። ያንኑ ሙቀት በሃይድሮጅን በኩል ላምጣው ካሉ ቆጣሪዎ ወደ ስድስት ይቆጥራል፤ ነበልባሉ በምጣዱ ዙሪያ የሚያባክነውን ሳንጨምር ነው።

ሲሊንደሩም ቢሆን እንደ ቡታጋዝ አይደለም። ቡታጋዝ ትንሽ ሲጫኑት ፈሳሽ ስለሚሆን 12 ኪሎ በአንድ ሲሊንደር ይሸከሙታል። ሃይድሮጅን በዚያ መንገድ ፈሳሽ አይሆንም። በብየዳ ቤት የሚያዩት ዓይነት ረጅም፣ ወፍራም፣ ሁለት ሰው የሚያንከባልለው የብረት ሲሊንደር፣ በ200 ባር ተጨቁኖ የሚይዘው ከ1 ኪሎ በታች ነው። ለአንድ ሳምንት እንጀራ ቢበቃዎት ነው።

እንግሊዞች ቤቶችን በሃይድሮጅን ለማሞቅ ሁለት ሰፈር መርጠው ነበር። ዊትቢ የነዋሪው ተቃውሞ በርትቶ በ2023 ተሰረዘ፤ ሬድካር ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሚበቃ ሃይድሮጅን አልተገኘም ተብሎ ቀረ። እዚያም ያልሆነ ነገር እኛ ማድ ቤት አይግባ።

መብራት ከሌለበት ገጠር ለጠየቃችሁኝ፦ ከብት ካላችሁ ባዮጋዝ። ለመብራትና ለስልክ ሶላርና ባትሪ።

ጥያቄ፦ አደጋው ምን ያህል ነው? በ1937 የነደደችውን የጀርመን አየር መርከብ ቪዲዮ አይቼ ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሂንደንበርግን ነው የምትለው። ሃይድሮጅን ክፉም ደግም ጠባይ አለው። ደጉ፣ ከአየር 14 እጥፍ ስለሚቀል ሜዳ ላይ ካፈሰ ሽቅብ ተፈትልኮ ይጠፋል፤ እንደ ቡታጋዝ ወለል ላይ ተኝቶ አይጠብቅህም። ክፉው፣ ጣሪያ ካገኘ እዚያው ይጠራቀማል። በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እስከ 75 እጅ በሆነበት መጠን ሁሉ ይቀጣጠላል፤ ሹራብ ስታወልቅ የምትፈጠረው ብልጭታ ትበቃዋለች። ሽታ የለውም፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። ድሮ የሮኬት ሠራተኞች ቧንቧ ሲፈትሹ የሣር መጥረጊያ ፊት ፊታቸው ይዘው ይሄዱ ነበር፤ መጥረጊያው ድንገት ከነደደ እሳቱ እዚያ አለ ማለት ነው።

እኛ ጋራዥ ውስጥ ኮርኒስ የሚባል ነገር አልነበረም። ጣሪያው ተዳፋት ሆኖ ጫፉ ላይ መስኮት አለው፣ መስኮቱ ሥር ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ። አንድ ሌሊት መሣሪያው ጮኸና በሮቹ ሁሉ በራሳቸው ተከፈቱ፤ በጥር ብርድ ስንሮጥ ወጣን። ያፈሰሰው ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የተሰነጠቀች የጎማ ቀለበት ነበረች።

ጥያቄ፦ ዓባይን ገድበናል። ከህዳሴው ግድብ በሚወጣው መብራት ሃይድሮጅን አምርተን ለአውሮፓ ብንሸጥስ? ወይስ ለእኛ ጭራሽ አይረባም ነው የምትለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይረባም አላልኩም። መኪናና ምጣድ ላይ ነው ጠቤ። መንግሥት በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር በ15 ወይም 20 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ የሃይድሮጅን መኪና ለዚያው መንገድ ከውሃው ጀምሮ ሲሰላ 60 ገደማ ይፈጃል። ግድቡ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ መብራት ያልገባለት ቤት ስንት እንዳለ እያወቅን ለሦስት የሚበቃውን ለአንድ አንስጥ።

ማዳበሪያ ላይ ግን ቁጭ ብለን እንነጋገር። ዩሪያን በዶላር ነው የምናስገባው። ማዳበሪያ ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን። ይህን በግድብ መብራት መሥራት አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ግብፆች ከ1960 ጀምሮ አስዋን ላይ ከግድቡ በሚወጣ መብራት ውሃ እየሰነጠቁ ማዳበሪያ ሠርተዋል። ዚምባብዌ ክዌክዌ ከተማ ላይ በካሪባ ግድብ መብራት ለአሥርት ዓመታት እንዲሁ ተሠርቷል፤ እስከ 2015። ያቆመው መብራቱ ውድና ብርቅ ሲሆን ነው። ኖርዌዮች ከሁላቸውም ቀድመው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ሩካን አጠገብ በፏፏቴ ኃይል ጀምረውታል።

ሁለቱም የአፍሪካ ፋብሪካዎች ዩሪያ ሳይሆን አሞኒየም ናይትሬት ነበር የሚሠሩት፤ ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ዩሪያ ካርቦን ይፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ ደግሞ ካርቦን የለም። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ካልለቀምክ በቀር ማለት ነው። በኪሎ ልንገርህ፦ ለአንድ ኩንታል ዩሪያ 10 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጅን፣ ለዚያ ደግሞ 550 ኪሎዋት ሰዓት መብራት። በ2025 ከናይጄሪያዊው ባለሀብት ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካ መንገዱ ሌላ ነው፤ ከኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ እያለ በመብራት መሥራት ያዋጣል ወይ የሚለው የዋጋ ጥያቄ ነው፤ መልሱ በኪሎዋት ሰዓት ስንት ሳንቲም እንደምታስከፍለው ይወሰናል። እኔ በግሌ ክረምት ላይ ግድቡ ሞልቶ፣ መብራቱ ገዢ አጥቶ በሚተርፍበት ወቅት የሚሠራ አነስ ያለ ፋብሪካ ማየት እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምኖረው። ኒኦም በሚባለው የሳዑዲ አዲስ ከተማ ፕሮጀክት ላይ በሃይድሮጅን የሚሠሩት ምንድን ነው ታዲያ? ሞኞች ናቸው? (ከሳዑዲ)

መልስ፦ ሞኞች አይደሉም። 4 ጊጋዋት የፀሐይና የንፋስ ኃይል ተክለው በቀን 600 ቶን ሃይድሮጅን ለማውጣት ነው ዕቅዱ። ግን ልብ በይ፣ የሚጫነው አሞኒያ ሆኖ ነው፤ ሃይድሮጅኑን እንዳለ በመርከብ መላክ በጣም ከባድ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ውሃችንን አይጨርስም? እኛ ለመጠጥም አጥተናል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይገባል። ማሽኑ የቧንቧ ውሃ አይጠጣም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡት፣ እሱ ማሽኑን ይገድለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ይጣራል፤ ማጣሪያው የሚደፋውና ለማቀዝቀዣ የሚሄደው ሲጨመር 9 ሊትሩ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ለአገር ብዙ አይደለም። ለአንድ የተጠማ ከተማ ግን ብዙ ነው፤ እናንተ ጋ አይተከል።

ጥያቄ፦ ከመሬት ራሱ ይወጣል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ይወጣል። ማሊ ውስጥ ቡራኬቡጉ በምትባል መንደር በ1987 ውሃ ሊያወጡ ሲቆፍሩ ንፋስ ወጣ፤ አንዱ ሲጋራ ይዞ ሲያይ ፊቱ ላይ ነደደ። ጉድጓዱን ደፈኑት። ከዓመታት በኋላ ተከፍቶ ሲመረመር 98 ከመቶ ሃይድሮጅን ሆኖ ተገኘ፤ ለመንደሯም መብራት አመነጨ። ይህ ግን እኛ በመብራት ውሃ ሰንጥቀን የምናወጣው ጉዳይ አይደለም፤ ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እቤት ልሞክረው የምችለው ነገር አለ ጋሼ? (ከደሴ)

መልስ፦ አለ፤ ያውም በ1800 ለንደን ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ ኒኮልሰንና ካርላይል፣ ያደረጉትን። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለቱም ጫፋቸው የተቀረጸ ሁለት እርሳሶች፣ ብርጭቆ ውሃ፣ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ጨው እንዳታደርግ፤ እንደ በረኪና የሚሸት መርዛማ ጋዝ ይወጣል። እርሳሶቹን ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ ንከርና ላይኛውን ጫፋቸውን በሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኝ። በኔጌቲቩ በኩል አረፋው በዝቶ ታየዋለህ፤ ሃይድሮጅኑ እሱ ነው። ትንሽ የመስታወት ቱቦ በዚያው ውሃ ሞልተህ ብርጭቆው ውስጥ ድፋና የኔጌቲቩን እርሳስ አጋድለህ የታችኛውን ጫፉን ከቱቦው አፍ ሥር አድርግ፣ ቀስ እያለ በጋዝ ይሞላል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሥ። አፉን ወደ ታች እንዳደረግክ አውጣና ክብሪት አስጠጋ። «ፕፍ» ትላለች። ከጣትህ ከምታንስ ቱቦ በላይ አታጠራቅም፣ መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ ታላቅ ሰው አጠገብህ ይኑር።