ከቪዛው በፊት ሜትሩ

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሬዚደንቶች፣ ስፔሻሊቲ እየተማሩ ያሉ ሐኪሞች፣ «አሳ እንጋብዝዎት» ብለው ሐዋሳ አሞራ ገደል ወሰዱኝ። ገና ሳንቀመጥ ትልቁ ጠየቀኝ። «ዶክተር፣ ለሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ፌሎሺፕ የት ባመለክት ይሻላል?» መልሱን ስጀምር አሳው መጣ። እሾህ እየለቀሙ ማውራት ደግሞ አይሆንልኝም። ቀሪውን ይኸው በጽሑፍ። ለእነሱም፣ ነገ ለምትጠይቁኝም።

በእኛ ጊዜ ይህን ሙያ ለመማር አገር መልቀቅ ነበረብን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ስልጠናውን የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ነው። እናንተ አምስቱን ዓመት እዚሁ ትጨርሳላችሁ። ፌሎሺፑ፣ ማለትም ተጨማሪው ልዩ ስልጠና፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት ደግሞ ሳታስቡት ያልቃል። የከተማውን ስም ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ኦፕሬሽኑን የምሠራው እኔ ነኝ ወይስ ከኋላ ቆሜ ነው የማየው? (የሥራ ፈቃድ ሳያገኙ ዓመቱን ሙሉ ቆመው አይተው የተመለሱ አውቃለሁ። ፎቶው ግን ያምራል።) ሁለተኛ፣ እዚያ የሚታከሙት ልጆች ሕመም ሐዋሳ ላይ ከሚጠብቀኝ ጋር ይገናኛል?

እዚህ የሚጠብቋችሁ ሕፃናት በአብዛኛው ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ የተጠራቀመባቸው ወይም ጀርባቸው ላይ ህብለ ሰረሰራቸው ሳይዘጋ የተወለዱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ይመጣል። ውሃውን ሻንት ያስተነፍሰዋል። ቀጭን ቱቦ ነው፤ ከአንጎል ተነስቶ በቆዳ ሥር ሆድ ድረስ ይወርዳል። ደግ ነገር ነው። ግን ይደፈናል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። በልጆች ላይ ከ10 ሻንት አራት አምስቱ በገቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ይበላሻሉ። ሆስፒታል አጠገብ ለሚኖር ልጅ ይህ የአንድ ሌሊት ጭንቀት ነው። ከሩቁ በንሳ ለሚመጣ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ድሮ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ ለአንድ የአራት ወር ልጅ ሻንት አስገባሁ። ቁስሉ ደረቀ፣ ሸኘሁት። ለእናቲቱ «ካስመለሰው፣ ከተነጫነጨ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ» አላልኳትም። ነርሷ ትነግራታለች ብዬ። ነርሷም እኔ የነገርኳት መስሏት። ልጁ ማስመለስ ሲጀምር ጎረቤት «ጥርስ እያወጣ ነው» አለ። ስትመጣ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ልጁ ተረፈ፤ ዓይኑ ግን አልተረፈም። እናቲቱ አልወቀሰችኝም። ቢያንስ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለዚህ ነው የዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍን ሥራ አጥኑ የምላችሁ። አሜሪካዊ ነው፤ ኡጋንዳ፣ ምባሌ ሠርቷል። ቤቱ ሩቅ ለሆነ ልጅ ቱቦ ላይ መንጠልጠል አደገኛ መሆኑን አይቶ፣ በኢንዶስኮፕ (ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ነው) ለውሃው ሌላ መውጫ መክፈትንና ውሃውን የሚያመነጨውን ክፍል ማቃጠልን አጣመረ። ተአምር አይደለም፤ የተከፈተው ቀዳዳም ይዘጋል። በ2017 የታተመ፣ እዚያው በ100 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከሻንት ጋር ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ግን ቱቦ የሌለው ልጅ የሚደፈን ቱቦ የለውም። ይህን እጃችሁን ይዞ የሚያስተምር ቦታ ካገኛችሁ ሕንጻው ቢያረጅም ሂዱ።

እጃችሁም ሌላ እጅ ይሁን። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ መላ ደሙ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ በሉት። በአዋቂ ላይ ከቁም ነገር የማትቆጥሩት መድማት እዚህ ሩቡን ሊወስድ ይችላል። የኦፕሬሽን ክፍሉም መሞቅ አለበት። እናንተ ላብ ያጠምቃችኋል፣ ልጁ እንዳይበርደው ነው።

ህብለ ሰረሰር ሳይዘጋ እንዳይቀር ስለሚረዳው ቫይታሚን፣ ስለ ፎሊክ አሲድ፣ አጭር ልበል። የፅንሱ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ብዙዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮ ግራሙ ከእርግዝና በፊት ይጀመር ብላችሁ ጩኹ። የቀዶ ሐኪም ሥራ አይደለም የሚላችሁን አትስሙ።

እና የጭንቅላት ዙሪያ ለኩ። ሁሌ። በጊዜው የተወለደ ልጅ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር ሁለት ገደማ ይጨምራል። ከዚያ ሲፈጥን ውሃ ሳይጠራቀም እንዳልቀረ ማሽን ሳትጠብቁ ትጠረጥራላችሁ። ክትባት ክፍል ካሉት ነርሶች ጋር ተዋወቁ፤ ልጁን ከእናንተ በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ያን ቀን ሒሳብ ሲከፈል ትልቁን «ሜትር ይዘሃል?» አልኩት። ስልኩን አወጣ፤ አፕ አለው አሉ። ከኪሴ የልብስ ሰፊ ሜትሬን አውጥቼ ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።