አሜሪካ ትራክ እነዳለሁ፣ ተጠባባቂ ወታደርም ነኝ፤ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ለእረፍት መጥቼ ገላን እናቴ ቤት ነኝ። ከበራችን ፊት ለፊት ተሳቢዎች ተደርድረው ይታዩኛል። ከጅቡቲ የገቡ አሉ፣ ሊወጡ ተራ የሚጠብቁም አሉ። የሰፈሩ ሹፌሮች ሁለቱንም ሥራ አንድ ላይ እንደምሠራ ሲሰሙ ጥያቄው በዛ። ቡና ላይ የጠየቃችሁኝንም በስልክ የላካችሁልኝንም እዚሁ ልመልስ። የምናገረው ስለ አሜሪካው አሠራር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ተጠባባቂ ስትሆን ምን ያህል ጊዜ ይወስድብሃል?

በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ። መጀመሪያ ግን የ10 ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና አለ፣ ከዚያ የሙያ ሥልጠና ይቀጥላል። የእኔ ሙያ 88ኤም ይባላል፣ የጦሩ ከባድ መኪና ሹፌር ማለት ነው። የተማርኩት ሚዙሪ፣ ፎርት ሌናርድ ውድ ነው። ግዴታው በጠቅላላው 8 ዓመት ነው፤ ከዚህ ውስጥ በየወሩ የምትገኘው ስንቱን ዓመት እንደሆነ ውልህ ላይ ይጻፋል። ሳትፈርም በፊት እሷን መስመር ደጋግመህ አንብባት። ጥሪ ከመጣ ደግሞ ለወራት ትሄዳለህ።

ጥያቄ፦ ጦሩ ጋ የዋልክበት ከመንዳት ሰዓትህ ላይ ይቀነሳል?

አይቀነስም። ይሄ ብዙ ሰው ያስገርማል። አንድ ሹፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል፣ በ8 ቀን ደግሞ ከ70 የሥራ ሰዓት በኋላ አይነዳም። ሌላ ቦታ ተቀጥረህ በደመወዝ ብትሠራ ያ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርብሃል። የተጠባባቂ ጦር ሥልጠና ግን ቢከፈልህም እንኳ እረፍት ተብሎ እንዲመዘገብ የፌዴራሉ መመሪያ ይፈቅዳል። 34 ሰዓት በተከታታይ ያረፈ ሰው ደግሞ 70ው እንደ አዲስ ይጀምርለታል። ስለዚህ አርብ ማታ መኪናህን አቁመህ፣ ሁለት ቀን ጫካ ውስጥ ስትሮጥ ከርመህ፣ ሰኞ ጠዋት የመንዳት ሰዓትህን የሚመዘግበውን ታብሌት ስትከፍተው ሙሉ ሰዓት ያሳይሃል።

ሰውነትህ ግን አላረፈም። አንድ እሁድ መሣሪያ ጠርገን፣ ዕቃ አስረክበን ስንጨርስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰኞ ንጋት ላይ ከዴንቨር ወጣሁ። ሁለት ሰዓት እንደነዳሁ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ሻካራ አስፋልት ጎማውን ሲያንቀጠቅጠው ባነንኩ። እጄ መሪው ላይ ነው። ከኋላዬ ኮንቴነር ሙሉ ጭነት አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥልጠና ማግስት ሰኞ እስከ ቀትር ጭነት አልቀበልም። ገንዘብ ይቀርብኛል፣ ይቅር። ሕጉም ቢሆን የደከመ ሹፌር እንዳይነዳ ይከለክላል፣ ታብሌቱ የፈለገውን ቢያሳይ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አሠሪው ሥራህን ተወው ቢልህስ?

ጋሼ፣ አይችልም። ዩሴራ የሚባል በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ። በወታደራዊ አገልግሎት የቀረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ይመለሳል። የዓመት ፈቃድህን ተጠቀምበት ብሎ ሊያስገድድህም አይችልም። የቀረህበትን ቀን ግን የመክፈል ግዴታ የለበትም። ከአንተ የሚጠበቀው አስቀድመህ መንገር ነው። በቃልም ይሆናል፣ እኔ ግን በጽሑፍ እልካለሁ። ከዚህ በፊት የሠራሁበት አንድ ድርጅት "ወይ ጦሩን ወይ እኛን ምረጥ" ብሎኝ ያውቃል። ኢኤስጂአር የሚባል በአሠሪና በተጠባባቂ መካከል በነፃ የሚያሸማግል የመከላከያ ሚኒስቴሩ ቢሮ አለ፣ እዚያ ደወልኩ። በሳምንት ውስጥ ነገሩ በረደ፤ የላክኋቸው መልእክቶች በሙሉ ስልኬ ላይ ነበሩና።

ጥያቄ፦ የራሴን ትራክ ብገዛስ?

ያኔ ዩሴራ አይሸፍንህም። ሕጉ ለተቀጣሪ ነው። ጥሪ መጥቶ ወራት ብትሄድ መኪናው ይቆማል፣ የባንኩ ዕዳ ግን አይቆምም። ውልህ ሳያልቅ ትራክ አትግዛ፣ ወይም የምታምነው ሁለተኛ ሹፌር አዘጋጅ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ በረዶ ቢይዝህና ብትቀርስ?

ገጥሞኛል። አይ 80 የሚባለው አውራ ጎዳና ዋዮሚንግ ላይ ተዘግቶ እዚያው አደርኩ፤ ቦቲና የደንብ ልብሴ ከኋላ አልጋዬ ላይ ተቀምጠው ነበር። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፣ በሌላ ቀን ተካሁት። ሳታስፈቅድ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜና እሁድ እንደ 4 ክፍለ ጊዜ ይቆጠራል፤ በ12 ወር 9 ክፍለ ጊዜ ያለፈቃድ የቀረ ሰው ችግር ውስጥ ይገባል። ሁለት ጊዜ ብትቀር 8 ደረስክ ማለት ነው። ለዚህ ነው አገር አቋራጩን ትቼ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቤት የሚያደርሰኝን መስመር የያዝኩት። የዓመቱን የሥልጠና ፕሮግራም እንዳገኘሁ ጭነት ለሚመድብልኝ ሰው፣ ለዲስፓቸሩ እሰጠዋለሁ፣ በየወሩ ደግሞ አስታውሰዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ መስመር ላይ 15 ዓመት ነድቻለሁ፣ መንጃ ፈቃዴ ይጠቅመኛል?

ልምድህ ይጠቅምሃል፣ ወረቀቱ አይጠቅምህም። ሲዲኤል የሚባለውን የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ከዜሮ ታወጣለህ። በጦሩ ውስጥ ከባድ መኪና 2 ዓመት ለነዳ ሰው ግን ግዛቶች የመንዳት ፈተናውን ሊያስቀሩለት ይችላሉ። ግሪን ካርድ ካለህ ጦሩ ይቀበልሃል፣ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ግድ ነው። እንግሊዝኛህን ከአሁኑ አጠንክር። ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፖሊስ አስቁሞህ መግባባት ካቃተህ እዚያው ከመንዳት ያግድሃል።

ጥያቄ፦ ጫትስ?

አይሆንም። ውስጡ ያለው ካቲኖን እዚያ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። ሁለቱንም ሥራ ታጣለህ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቀድሞኝ ሄዶ ትራክ ይነዳል፤ እኔና ልጆቹ ቃሊቲ ነን፣ በቅርቡ እንሄዳለን። ጦሩ ውስጥ ልግባ ይላል። ልከልክለው?

እህቴ፣ መከልከሉን ትተሽ አንድ ነገር ጠይቂው። ጥቅሙ እውነት ነው። ትራይኬር የሚባለው የተጠባባቂዎች የጤና መድን ለቤተሰብ በሙሉ ይሆናል፣ ወርሃዊ ክፍያውም ከሌላው በጣም ይቀንሳል። ወሩ ግን አራት ቅዳሜ ነው ያለው፣ አንዱን ጦሩ ይወስደዋል። አሁን በያዘው መስመር በወር ስንት ሌሊት ቤቱ እንደሚያድር ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ከዚያ ላይ ሁለት ሌሊት ቀንሺና የቀረውን ቁጠሪ። ከስምንት ካነሰ መጀመሪያ መስመሩን ይቀይር፣ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።