አንብቦ መረዳት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ፦ የደሴና የኮምቦልቻ መምህራን ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ስለ ምንባብ ብቻ ጠይቁ፤ ሰዋስው ሌላ ቀን ነው። ከየትኛው የደሴ ሰፈር ወይም ከኮምቦልቻ እንደሆናችሁ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ስንት ተማሪ እንዳለና ምንባቡ ስንት ቃል እንደሆነ ጻፉ።

ከሆጤ፦ መምህር፣ ተማሪዎቼ ማንበብ አይወዱም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ስንተኛ ክፍል? ስንት ተማሪ? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ከኮምቦልቻ፦ 9ኛ ክፍል፣ 58 ተማሪ፣ ምንባቡ 350 ቃል አካባቢ። ከምንባቡ በታች ያሉትን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በትክክል ይመልሳሉ፤ ፈተና ላይ ግን ይወድቃሉ። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ጥያቄዎቹ ሳይገባቸው የሚመለሱ ስለሆኑ ነው። ነገ ሰሌዳ ላይ «ዘ ብሊንግ ጎርፕት ዘ ስኔል ኢን ዘ ዶቭል» ብለሽ ጻፊ። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ትርጉም የለውም። «ሁ ጎርፕት ዘ ስኔል?» ስትያቸው ሁሉም «ዘ ብሊንግ!» ይሉሻል። የት ስትያቸውም «ኢን ዘ ዶቭል» ይላሉ። መጽሐፉ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የዚሁ ዓይነት ናቸው፤ ተማሪው የጥያቄውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ይፈልግና ጎኑ ያለውን ይገለብጣል።

ከአስሩ ጥያቄ ሦስቱን ቀይሪ። ምንባቡ «ዝናቡ ቀድሞ ስላቆመ ገበሬዎቹ በሬዎቻቸውን ሸጡ» የሚል ከሆነ «ለምን ሸጡ?» አትበዪ፤ መልሱ እዚያው አጠገቡ አለ። «በሚቀጥለው ዓመት እርሻው ይቀልላቸዋል ወይስ ይከብዳቸዋል? ከስንተኛው መስመር አወቅህ?» በዪ። የመስመሩን ቁጥር ያልጻፈ ነጥብ አያገኝም።

ሌላው፣ «ኢት»፣ «ዘይ»፣ «ዚስ» የሚሉትን ተውላጠ ስሞች አስከብቢና ወደሚያመለክቱት ነገር ቀስት ያስምሩ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ዚስ» ላይ ነው የሚሳሳቱት፤ ብዙ ጊዜ ያለፈውን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ሲያመለክት እነሱ ቅርብ ካለው ስም ጋር ያያይዙታል።

ደግሞ ማታ ምንባቡን ሸፍናችሁ ጥያቄዎቹን ራሳችሁ ሞክሩ። ሳይነበብ የሚመለስ ካለ ይሰረዝ።

ከአራዳ፦ ምንባቡን በአማርኛ ካልተረጎምንላቸው እኮ ምንም አይገባቸውም።

ከኮምቦልቻ፦ ስንተረጉም አይደል እዚህ የደረስነው? አማርኛውን እየጠበቁ እንግሊዝኛውን ዞር ብለው አያዩትም።

ከአራዳ፦ አንቺ የግል ትምህርት ቤት ነሽ መሰለኝ።

ከኮምቦልቻ፦ 58 ተማሪ በአንድ ክፍል የሚያጉር የግል ትምህርት ቤት የት አይተህ ነው?

ከቧንቧ ውሃ፦ ከከሚሴ በኩል የመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች ያሉበት ክፍልስ? በየትኛው ቋንቋ ሊተረጎም ነው?

መልስ፦ ይብቃችሁ። ምንባቡን አትተርጉሙ፤ ከተረጎማችሁት የለካችሁት መስማታቸውን ነው። ተማሪው የገባውን ለጎረቤቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ይንገረው፤ መረዳቱ ይታያል። የሚጽፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ከቧንቧ ውሃ፦ 40 ደቂቃውን እንዴት እንከፋፍለው?

መልስ፦ 5 ደቂቃ ርዕሱንና ሥዕሉን አይተው ይገምቱ፤ ሁለት ግምት ሰሌዳ ላይ ጻፍ። 4 ደቂቃ ለቃላት፦ አራት ወይም አምስት፣ ያለ እነሱ ምንባቡ የማይገባውን ብቻ። 8 ደቂቃ ዝም ብለው ያንብቡ፣ አንድ አጠቃላይ ጥያቄ ይዘው፤ ጥያቄው *ከንባቡ በፊት* ይሰጥ። 10 ደቂቃ ዝርዝር ጥያቄዎቹን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሥሩ። 8 ደቂቃ መልሱን ከነመስመሩ እየጠቀሱ ይከራከሩ። በቀረው 5 ደቂቃ ምንባቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

የሚበላሸው ዝም ብለው የሚያነቡበት ስምንት ደቂቃ ላይ ነው፤ መምህሩ ዝምታው ይጨንቀውና ማብራራት ይጀምራል። «ገባችሁ?» ማለትም አይጠቅምም፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው።

ከሰኞ ገበያ፦ ተራ በተራ ጮክ ብለው ቢያነቡስ?

መልስ፦ ይሄ እኔ ጋ በውስጥ መልእክትም በተደጋጋሚ መጥቷል። አይሆንም። የሚያነበው ልጅ ሐሳቡ አነባበቡ ላይ ነው፤ የቀሩት ደግሞ የሚደርሳቸውን አንቀጽ እየቆጠሩ ይለማመዳሉ፤ ምንባቡን የሚከታተል የለም። ጮክ ብሎ ማንበብ ከገባቸው በኋላ ይምጣ።

ከሰኞ ገበያ፦ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነውኮ!

መልስ፦ ታዲያ ከ120 እስከ 150 ቃል አሳጥረህ ከደወሉ በፊት ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ወይም አራት ቦታ ቆርጠህ ለአራት ቡድን ስጥ፤ እያንዳንዱ የየራሱን አንብቦ ለሌላው ይንገር፤ ቅደም ተከተሉን አብረው ያግኙት።

ከፒያሳ፦ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ስለሚሰጠው ትምህርትስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ የዛሬ ርዕስ አይደለም።

ከሆጤ፦ ተመልሻለሁ። 8ኛ ክፍል ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ምንባቡም ረጅም ነው።

መልስ፦ «ብዙ» ስንት ነው? «ረጅም»ስ? ይሁን። ከምንባቡ መቶ ቃል ቆጥረህ ለስድስት መካከለኛ ተማሪዎች ስጥና የማያውቁትን ያስምሩ። ሁለት ሦስት ካሰመሩ ለብቻቸው ያነቡታል። አምስት አካባቢ ከሆነ ያንተን እርዳታ ይፈልጋሉ። አስር ከደረሰ ግን ምንባቡ ከበዳቸው እንጂ ማንበብ ጠልተው አይደለም፤ ቀይረው ወይም አቅልለው።

ፍላጎት የሚመጣው ለአንድ ነገር ብለው ሲያነቡ ነው። በእንግሊዝኛ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አምጣና «አንተ ማመልከት ትችላለህ? ምን ይጎድልሃል?» በል። የኮምቦልቻ ልጆች የኢንዱስትሪ ፓርኩን ስለሚያውቁት የዚያን ማስታወቂያ ያነቡታል። የእግር ኳስ ዘገባም ይሠራል፤ ውጤቱን ቆርጠህ አውጣና ከጽሑፉ ያግኙት። ጥያቄዎቹን ግን ምንባቡን ሸፍነህ አስቀድመህ ሞክር፤ ነግሬያችኋለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ የ58 ደብተር እርማትስ?

መልስ፦ በየክፍለ ጊዜው አስር ብቻ ሰብስቢ፣ ማን እንደሚሰበሰብበት ሳትናገሪ። የመስመሩን ቁጥርና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ እዪ። ሰዋስዉን በዚያ ቀን አታርሚ።