ለዋናም ለሰርፊንግም አንድ የባሕር ዳርቻ ይበቃል?
«ልጆቼ እየዋኙ እኔ ሰርፊንግ (በሰሌዳ ማዕበል ላይ መንሸራተት) ብሞክር፣ ከከተማ ዳር ያለ አንድ የባሕር ዳርቻ ለሁለቱም ይሆናል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ ይሆናል፤ ውሃው ግን የተከፋፈለ ነው። በብዙ አገሮች የነፍስ አድን ሠራተኞች በሚተክሏቸው ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ያለው የዋናተኞች ነው። ጥቁርና ነጭ ባንዲራ የሰርፊንግ ሰሌዳ የሚፈቀድበትን ክልል ያሳያል።

ከማዕበሉ ይልቅ የሚያሰጋኝ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረት ነው። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውሃ በጠባብ መስመር ተመልሶ ሲወጣ ይፈጠራል። ከአሸዋው ላይ ሆነው ሲያዩት ጠቆር ያለ፣ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ ውሃ ይመስላል። ልጆች ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ መርጦ የሚገባው እዚያው ጸጥታ ውስጥ ነው! አንዳንዴ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ስለሚፈጥን የኦሎምፒክ ዋናተኛም ቢሆን ፊት ለፊት አይረታውም። ከያዘዎት አይታገሉት፤ ተንሳፍፈው እጅዎን ያውለብልቡ፣ አቅም ካለዎት ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆነው ይዋኙ።

ሰሌዳ ሲከራዩ 8 ጫማ ገደማ የሆነውን፣ ላዩ ለስላሳ የሆነውን ይምረጡ። አጭሩ ያምራል እንጂ ጀማሪን አይሸከምም። ከሰሌዳው ጋር የተያያዘውን ገመድ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ይሰሩ፤ ሲወድቁም ሰሌዳው ተመልሶ እንዳይመታዎት ጭንቅላትዎን በክንድዎ ይሸፍኑ። የመጀመሪያ ቀን ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ተሰብሮ ነጭ አረፋ የሆነው ማዕበል ይበቃዎታል።